ፓሪስ ያለው ተማሪና ሰመራ ያለው ተማሪ

ዓርብ ማታ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ባቡር ጣቢያ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ቦርሳ ያዘሉ፣ በአንድ እጃቸው ካርታ፣ በሌላው እጃቸው ዳቦና አይብ የያዙ ወጣቶች ወደየባቡሩ ሲሮጡ ይታያሉ። እነዚህ ገንዘብ የተረፋቸው አገር ጎብኚዎች አይደሉም። ሰኞ ጧት ተመልሰው ከክፍላቸው የሚገቡ፣ የኪስ ገንዘባቸውም ከወር እስከ ወር በጭንቅ የሚደርስ ተማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸውም ለትምህርት ከአገራችን የሄዱ ልጆች አይጠፉም።

ይህ ልማድ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሪቻርድ ሺርማን የሚባል የጀርመን መምህር ተማሪዎቹን በእግር እየመራ አገር ያሳይ ነበርና የማደሪያ ነገር አስቸገረው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1912 በአልቴና ከተማ ከሚገኘው አሮጌ ግንብ ውስጥ መንገደኛ ወጣቶች በትንሽ ዋጋ የሚያድሩበት ቤት እንዲከፈት አደረገ። ዛሬ እንደዚህ ያለው ማደሪያ በብዙ የዓለም ክፍል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ የአውሮፓ ምድር ባቡሮች ተባብረው ኢንተርሬል የሚባለውን ቲኬት አወጡ፤ በመጀመሪያ ጊዜ ዕድሜው ከ21 ዓመት ያልበለጠ ወጣት በአንድ ቲኬት ወር ሙሉ ከአገር አገር እንዲዘዋወርበት የታሰበ ነበር። እንግዲህ በዚያ አገር ወጣቱ አገር እንዲያይ መምህሩም ምድር ባቡሩም አስበውበታል ማለት ነው።

ተማሪው ከዚህ ምን ያተርፋል? በታሪክ መጽሐፍ ያነበበውን ግንብ በእጁ ይዳስሳል። በጂኦግራፊ ክፍል በሰማያዊ እርሳስ የሣለውን የራይን ወንዝ ዳር ቆሞ ስፋቱን ይለካል። ፎቶግራፍም ተነሥቶ ለወላጆቹ ይልካል፤ እኛም ፎቶግራፉን አይተን «ታድሎ!» እንላለን።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ዓይንዎን ከዚያ ያንሡና ወደ ሰመራ ይመልከቱ።

ሰመራ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ቀድሞ ይህን ማዕረግ የያዘችው አሳይታ ነበረች። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከደጋ አገር የተመደቡ ብዙ ተማሪዎች ይማሩበታል። በመሥሪያ ቤቶቹም ከሩቅ የመጡ ወጣት ሠራተኞች አሉ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ምደባውን እንደ ግዞት የሚቆጥረው! ተማሪው ቅዳሜን በአልጋው ላይ ይውላል፤ እሑድን ሙቀቱን ሲረግም ያሳልፋል። ጸሐፊው የዝውውር ማመልከቻ ያረቅቃል። አራት ዓመት ያልፍና ተማሪው ዲግሪውን ይዞ፣ የአዋሽን ወንዝ ግን ከአውቶቡስ መስኮት በቀር ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ፓሪስ ያለው ተማሪ ታድሏል ካልን፣ ሰመራ ያለውስ ምን ጎደለበት? ይህን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ፣ ወደዚህ ሸለቆ ከሩቅ ተነሥተው የመጡትን ሰዎች ማየት ይበቃል።

ከሩቅ የመጡት

እ.ኤ.አ. በ1930 አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ከእንግዶቹ አንዱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል የኦክስፎርድ ተማሪ ነበር። ልጁ የተወለደው በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነው። በዓሉ ሲያበቃ ወደ ትምህርቱ ከመመለሱ በፊት ወደ አፋር ምድር ወርዶ ለአደን ተዘዋወረ። «ይህ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ልቡን ይዞት ነበርና፣ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ እ.ኤ.አ. በ1933 ተመልሶ ከአዋሽ ጣቢያ በግመል ጉዞ ጀመረ። በሚከተለው ዓመት አዋሽ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ሲያበቃ በዓይኑ አየ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ24 ዓመት አይበልጥም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሞሪስ ታየብ የሚባል የፈረንሳይ ጂኦሎጂ ተማሪ ለዶክትሬት ጽሑፉ የአዋሽን ተፋሰስ መረጠ። በዚሁ ጥናቱ የሐዳርን ሥፍራ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረባው በሐዳር ድንቅነሽን አገኙ። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልናስታውሰው የሚገባን የራሳችንን ሰው ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሮ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1998 በፓሪስ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ከፓሪስ በኋላ ዓይኑን የጣለው በአዋሽ ሸለቆ ላይ ነበር። ከሐዳር ማዶ በምትገኘው በዲኪካ ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. የእርሱ ቡድን የአንዲት የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ቅሪት አገኘ። ዕድሜዋ ወደ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው ይህች ሕፃን ሰላም ተባለች። አጥንቷን ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ፍቆ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቷል፤ ለዓለም የተነገረውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እንግዲህ የፓሪሱ ተማሪና የአፋሩ ምድር የማይገናኙ ነገሮች አይደሉም።

ከአዋሽ ይጀምሩ

በአዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ የመጀመሪያው ጉዞዎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይሁን። መንገዱ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው። በመተሐራ በኩል ሲያልፉ የበሰቃን ሐይቅ ልብ ይበሉ። ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ሐይቅ ሲደርቅ እንጂ ሲያድግ መስማት ብርቅ ነውና ምክንያቱን መርምሩ ተብሎ ለተማሪ የሚሰጥ ጥሩ ጥያቄ ነው።

አዋሽ ከተማ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበርና፣ መንገደኛው ከሚያድርባቸው ጣቢያዎች አንዱ አዋሽ ሆነ። ከጣቢያው አጠገብ ያለው አሮጌ ሆቴል የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው። ወንዙ ምድሩን ሰንጥቆ የሠራውን ጥልቅ ገደል ቆመው ሲመለከቱ፣ የውሃ ጉልበት ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ መምህር ይገባዎታል።

በማግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይግቡ። ሳላ በሜዳው ላይ ቀንዱን ቀጥ አድርጎ ሲሄድ፣ አዞ በወንዙ ዳር ሲሞቅ ያያሉ። ፏፏቴውም ሩቅ አይደለም። በሰሜን በኩል በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ አለ፤ ከበላዩም የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ቆሟል። ይህ ተራራ ጌጥ ብቻ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ በመንቀጥቀጧ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ተፈናቅሏል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቁ፤ እዚያም ሲደርሱ መከራ ያየ ሕዝብ እንግዳ መሆንዎን አይርሱ።

ሰመራ ላሉት

ሰመራ የሚማሩ ወይም የሚሠሩ ከሆነ ግን ከሁላችንም ይልቅ ቀርበዋል። አንድ ቅዳሜ ወደ አሳይታ ይሂዱ። የጥንቱ የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ ናት። በዚያ አዋሽ በበረሃ መካከል አረንጓዴ መስክ ዘርግቶ ሲፈስ ያገኙታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቡ። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአቤ ሐይቅ ይገባል እንጂ ባሕር አይደርስም። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ ወደዚሁ አዋሽ ይቀላቀላል። ደገኛው የጣለውን ባሕር አይወስድለትም፤ ከዚሁ ወንዝ ከብቱን የሚያጠጣ፣ እርሻውን የሚያለማ ቆለኛ ወንድሙ ይቀበለዋል። ይህን በክፍል ውስጥ የሰማ ሰው ለፈተና ይጽፈዋል፤ በአሳይታ ወንዝ ዳር ቆሞ ያሰበው ሰው ግን ነገ የማዘጋጃ ቤት ሹም ቢሆን ፊርማውን ሲያኖር ያስታውሰዋል። የጉዞ ትልቁ ትርፍ ይህ ይመስለኛል።

ሐዳርን ለማየት ፈቃድና የአካባቢውን መንገድ መሪ መያዝ ያስፈልጋል። መሬት ላይ ያለ ድንጋይም ሆነ አጥንት አያንሡ፤ ከቦታው የተነሣ ቅሪት ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

ስለ ጉዞው ጥቂት ምክር

ወጪው እንዳይከብድ ሰባት ወይም ስምንት ሆነው አንድ መኪና ይከራዩ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መንገድ መግባት ጀግንነት አይደለም። ውሃ ከሚበቃዎት በላይ ይያዙ፤ ባርኔጣ አይርሱ፤ ጧት ማልደው ይነሡ።

ከሁሉ በፊት ግን አፋር የሆነውን የክፍል ወይም የቢሮ ጓደኛዎን ይዘው ይሂዱ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የከበረ ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ እንግዳም ጭምር። ወሬው ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጋዜጣ ሳይኖር ጋዜጣ ነው። እንግዲህ እርስዎም ሲጠየቁ ሳይቸኩሉ ይመልሱ፤ ሲነገርዎትም ያዳምጡ። በሴቶች እጅ የሚተከለውን የሰሌን ቤት ፎቶግራፍ ለማንሣት ቢፈልጉ አስቀድመው ባለቤቲቱን ያስፈቅዱ። ሰው አራዊት አይደለምና ከመኪና መስኮት ካሜራ መደገን ነውር ነው።

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼም ቢሆኑ ከሺርማን አንድ ነገር ልንማር እንችላለን። እርሱ ሚኒስትር ወይም ባለ ሀብት አልነበረም። ተማሪዎቹን ይዞ ከክፍል የወጣ መምህር ነበር። በየትምህርት ቤቱ የጉዞ ማኅበር ለማቋቋም አንድ ደብተር፣ ጥቂት መዋጮና ፈቃደኛ ልብ ይበቃል።

ወደ ውጭ አገር የሚያስኬድ ዕድል ቢገጥምዎት ደስ ብሎዎት ይሂዱ፤ ራይንንም ይዩት። እዚያ ከሚያገኙት ባልንጀራ ግን «የአንተስ አገር ወንዝ ወዴት ይፈሳል?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። መልሱ ያለው አዋሽ ዳር ነው፤ ቅዳሜም በየሳምንቱ ይመጣል።