አስተርጓሚው በጠረጴዛው ላይ የማይናገረው

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ ልጅ ለማስመዝገብ የሚመጣ አበሻ ከመዝጋቢዋ አጠገብ አስተርጓሚ ያገኛል። አማርኛ እዚህ አካባቢ ብዙ ተናጋሪ ስላለው አንዳንዱ ቅጽ በአማርኛ ታትሞ ነው የሚቀርበው። እኔ ከአስተርጓሚዎቹ አንዱ ነኝ። ደንባችን አጭር ነው፦ የተባለውን ተርጉም፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አትምከር። እዚያ ዝም ያልኩትን እዚህ ላንሾካሹክ።

ነገሩ ያለ አባት ያለ እናት ብቻቸውን ስለሚመጡት ልጆች ነው። ዐሥረኛን ወይም ዐሥራ አንደኛን ጨርሶ የመጣ ጎረምሳ፣ አጠገቡ አክስቱ ወይም የእናቱ አብሮ አደግ። ወላጆቹ ለምን እንደላኩት አይጠፋኝም። ከ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቁጥር የሰማ አባት «ልጄ እዚያ አዳራሽ ሳይገባ ይውጣልኝ» ቢል አልፈርድበትም።

አክስት ፓስፖርቱን ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ገልጣ ታቀርባለች። መዝጋቢዋ ስሙንና የልደት ቀኑን አይታ ትመልስላታለች፤ ስለ ቪዛው አንዲት ቃል አትተነፍስም። አክስት ወደ እኔ ዞር ብላ «ተመስገን፣ አለፈ» ትላለች።

አላለፈም። መዝጋቢዋ የማትጠይቀው ቸር ስለሆነች ወይም ችግር ስለሌለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕላይለርና በዶ መዝገብ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም ብሎ ወስኗል። ትምህርት ቤቱ ያንን አክብሮ በሩን ይከፍታል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሌላ ቤት ነው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ልጅ የተማሪነት ፈቃድ ሳያገኝ መደበኛ ትምህርት ከጀመረ ሕግ ጥሷል። በሩን የከፈተችለት ሴት ይህን ልትነግረው አትችልም፤ እኔም አልችልም። የሚነግረው ከዓመታት በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

«ታዲያ በተማሪ ቪዛ፣ በኤፍ ዋን ይምጣ» የሚሉ አሉ። ሕጉ እዚህ ላይ ነው የሚጠበው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ኤፍ ዋን የያዘ ልጅ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መማር የሚችለው በጠቅላላው ከ12 ወር ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ለዚያውም የትምህርቱን ሙሉ ወጪ አስቀድሞ ከፍሎ። በዐሥረኛ ክፍል የመጣ ልጅ በዚህ መንገድ አይጨርስም። የግል ትምህርት ቤት ይህ ገደብ የለበትም። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች አይ ትዌንቲ የሚባለውን ወረቀት ከግል ትምህርት ቤት አስልከው፣ ለሴቪስ (ለውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ከፍለው የሚመጡት ለዚህ ነው።

ከዚያ በየሳሎኑ ቡና ላይ የምሰማው ዘዴ አለ፦ «አንድ ዓመት በግል ይማር፣ ክፍያው ሲከብደን ወደ መንግሥት እናዞረዋለን።» ሕጉ ሲጻፍ ሊከለከል የታሰበው በትክክል ይኸው ነው። ለግል ትምህርት ቤት በተሰጠ ቪዛ፣ የ12 ወሩን ገደብና ክፍያውን ሳያሟላ ወደ መንግሥት የተዛወረ ልጅ ደንቡን እንደጣሰ ይቆጠራል፤ አምስት ዓመት ተከታታይ ከአገሪቱ ውጭ ሳይኖር ተመልሶ መግባት አይችልም። ዘዴውን የነገራችሁ ሰው ልጁ ሲከለከል ስልክ አያነሳም።

ወደ ጠረጴዛው ልመልሳችሁ። ሁለተኛው ጭንቅ የመኖሪያ ጉዳይ ነው፤ እንደ ነዋሪ በነጻ ለመማር ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ይጠየቃል። «ልጄ፣ እናቱ ነኝ በልልኝ» ብለው በአማርኛ የሚጠይቁኝ አሉ። የሰማሁትን ሁሉ ስለምተረጉም ልመናቸውም ተተርጉሞ ይቀርባል። ሲደነግጡ አዝናለሁ፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ሰነዶች ማረጋገጫ በክብ ማኅተም ደምቆ የመጣው ውክልናም ልጁ ሲታመም ለመፈረም ይረዳ ይሆናል እንጂ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሰጠውን ሞግዚትነት አይተካም። በሜሪላንድ ዘመድ ጋ የሚኖር ልጅ ያለ ክፍያ እንዲማር የሚያስችሉት ምክንያቶች ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው፦ የወላጅ ሞት፣ ከባድ ሕመም፣ እስር፣ የመሳሰሉት። የተሻለ ትምህርት ፍለጋ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የቨርጂኒያው ሕግ ደግሞ ልጁ ከዘመድ ጋር የሚኖረው ለትምህርት ሲባል ብቻ መሆን የለበትም ይላል። «ልጁ ለምን መጣ?» ተብላ ስትጠየቅ አክስት ደረቷን ነፍታ «ለትምህርት!» ትላለች። እውነት ነው፤ ያኮራልም። እንደ ነዋሪ በነጻ መማሩን የሚያስቀረውም ያው መልስ ነው። በዚህ ላይ ምክር የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና የቤተሰብ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ነው።

ይህን ሁሉ ወረቀት ስናገላብጥ ጎረምሳው ምን ያደርጋል? ያዳምጣል። ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛው ከአክስቱ ይሻላል፤ እኔ ሳልተረጉመው ሁሉን ሰምቶታል። እሱ የሚጠየቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተና ላይ። ከዚያ የክትባት ተራ ነው፦ የኩፍኝ መርፌ በልጅነቱ ወስዷል፤ የጉድፍ ክትባት ግን በአገር ቤቱ መደበኛ ክትባት ውስጥ ስለሌለ ክንዱን እንደገና ይሰጣል።

ከሁሉ የሚያመው የክፍል ምደባው ነው። በቨርጂኒያ ለመደበኛው ዲፕሎማ 22 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ከነዚህ ውስጥ የአሜሪካና የቨርጂኒያ ታሪክ አለበት፤ እሱን ደግሞ አዲስ አበባ ማንም አላስተማረውም። ዐሥራ አንደኛን የጨረሰ ልጅ ዐሥረኛ ሲመደብ ፊቱን ማየት ይከብደኛል። ነገር ግን የመጀመሪያው ምደባ የመጨረሻ ነው ያለ የለም። የየትምህርቱ ይዘትና ክፍለ ጊዜ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ይዞ የመጣ ልጅ ሒሳቡም ፊዚክሱም ሊቆጠርለት ይችላል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለሩ) ዘንድ ቀጠሮ ያዙ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ፣ አይከፈልበትም። እኔ ከመጣሁ ግን እንደማንተዋወቅ ሁኑ።