ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ ወረቀት ይያዝ

በደጋው አካባቢ የእርሻ መሬት እየጠበበ በመሄዱ ድርሻ ያላገኘው ወጣት ለቀን ሥራ ወደ ሩቅ አገር መውጣቱ እየበረከተ ነው። በአዲስ አበባ በራይድና በፈረስ ታክሲዎች ሥራ በስልክ ጥሪ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ስልክ በገባበት ገጠርም ደላላው ሰው የሚሰበስበው በጥሪ ሆኗል።

ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ሰፊው በመተማ፣ በቋራና በሁመራ ቆላ የሚገኘው የሰሊጥ ሥራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት አጨዳ ይደርሳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያራግፋል። በዚህም ምክንያት ባለእርሻው ለጥቂት ቀናት ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ሥራው ሲያበቃ ያሰናብታል። ዋጋው በቀን ወይም በቁርጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአፍ ስምምነት ነው። ሠራተኛው ሲታመም ግን ኃላፊነቱን የሚወስድ አይገኝም።

ሕመሙም ቀላል አይደለም። ሠራተኛው ሜዳ ላይ ወይም ከግራር ሥር ያድራል። ወባን ሁሉም ያውቃል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ግን ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ወረርሽኙ ሲነሣ በመጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መስሎ ነበር። ተመራማሪዎች እንደገመቱት በሽታው ወደ ደጋው የደረሰው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ሠራተኞች ነው። ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ ታመሙ። እንግዲህ የአንድ ቀን ሠራተኛ ውል የጎረቤቱም ጉዳይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየወቅቱ ለሚሠራ ሥራ የሚደረግን ውል ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህ ባይፈጸምም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ነገር ግን አጨዳው ራሱ በ15 ቀን ሊያልቅ ስለሚችል ወረቀቱን ከመሳፈር በፊት መጠየቁ ይበጃል።

የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። ከሐምሌ በፊት የተጓዡን ስም፣ የባለእርሻውን ስምና ቦታ፣ የደላላውን ስልክና የተቆረጠውን ዋጋ ለመመዝገብ አንድ ደብተር ይበቃል። ተጓዡ አጎበር ይያዝ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ ወይም ጣፊያው ካበጠ፣ ቆላ ሠርቶ መመለሱን ለጤና ባለሙያው አስቀድሞ ይናገር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና ይሰጣል። ሕመሙ ከወራት በኋላም ስለሚታይ ደብተሩ አጨዳው እንዳለቀ መዘጋት የለበትም።