ሰማይ ጠርቶ የሚደርስ ጎርፍ

የብርዱ ወራት ሲገባ የሪያድ ነዋሪ ምንጣፉንና የቡና ዕቃውን ጭኖ ወደ በረሃ ይወጣል። በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው ሱለይም ስሟን የምትጋራው ዋዲ ሱለይ ከተባለው ሸለቆ ጋር ነው። ዋዲው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ለስላሳ አሸዋውም ለመንገደኛ ምቹ ማረፊያ ይመስላል። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች ተራራ የሚወጡ ሰዎች የበረዶ ናዳ እንዳይደርስባቸው ከበላያቸው ያለውን ተዳፋት ይመረምራሉ። በሳዑዲ ዓረቢያም በረዶ አለ፤ በተቡክ ክልል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጀበል አል-ለውዝ በአንዳንድ ዓመታት ነጭ ይለብሳል። በሪያድ ዙሪያ ግን የናዳውን ቦታ የሚይዘው ዓረቦች «ሰይል» የሚሉት ደራሽ ጎርፍ ነው።

ሪያድ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የሚወርደው በጥቂት ቀናት ነው። እንደ ጡወይቅ ባሉ ራቁት ዐለታማ ተራሮች ላይ የጣለ ዝናብ ወደ መሬት ሳይሰርግ በጠባብ ቦዮች ተሰብስቦ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ዝናብ ያልነካው፣ በጠራ ሰማይ ሥር የተቀመጠ ሰው ከሩቅ በመጣ ውሃ ሊወሰድ ይችላል።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሐረርጌ ከፍታዎች የጣለው ዝናብ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ወርዶ በሌሊት ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በጅዳም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 የደረሰው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎች ገድሏል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ የሚያታልለው ጥልቀቱ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ የቤት መኪናዎችን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከባባድ መኪናዎችን ጭምር ሊወስድ ይችላል። በጨለማ ይህን መለየት አይቻልም።

በመሆኑም ወደ በረሃ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ማዕከልን ማስጠንቀቂያ መመልከት ይገባዋል፤ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለማት የአደጋውን ደረጃ ያመለክታሉ። የሚያርፍበትን ሸለቆ ሰማይ ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ተፋሰስ ሰማይም ያስተውል። ድንኳን በዋዲው ወለል ላይ አይተከልም፤ መኪናም አይቆምም። ውሃው ሲደፈርስ፣ ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ሲሰማ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ሽሽቱ ወደ ጎን ወደ ዳገቱ እንጂ ሸለቆውን ተከትሎ ቁልቁል መሆን የለበትም።

ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆ በመኪና ማቋረጥ በሳዑዲ የትራፊክ ሕግ ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል ያስቀጣል። በሪያድ ክልል ለአስቸኳይ እርዳታ የሚደወለው በ911 ነው።