ባጁ የወደቀ ከበሮ የማን ነው?

የድሮ ስኔር ድራም ቀፎ ብዙ ጊዜ ገዢው እጅ የሚገባው ራቁቱን ነው። ቆዳው የለም፣ ቀለበቱ የለም፣ ከሥሩ የሚንሿሿው ሽቦ የለም። የሠሪውን ስም የያዘችው ትንሽ የብረት ባጅም ከዓመታት በፊት ተነቅላ ጠፍታለች። የቀረው ቀዳዳ የበዛበት ክብ እንጨት ወይም ብረት ብቻ ነው። የከበሮ ፋብሪካዎችን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ክብ ነገር ላይ የሚነበብ ብዙ ነገር አለ።

ስኔር ድራም በሰልፈኛ ባንድ ውስጥ የሚንጣጣው፣ በድራም ስብስብ ውስጥ ደግሞ በተጫዋቹ ጉልበቶች መካከል የሚቀመጠው ከበሮ ነው። ሹል ድምፁ የሚመጣው የታችኛውን ቆዳ ተደግፈው ከሚንቀጠቀጡት ሽቦዎች ነው። ቀፎ የሚባለው ሁለቱን ቆዳዎች የሚሸከመው አካል ነው። ቆዳ ያልቃል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ ብሎን ይለወጣል፤ ቀፎው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይቆያል። ስለዚህ «ይህን ከበሮ ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ በመሠረቱ ስለ ቀፎው የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልሱ ዋጋውን ይወስናል፤ የጎደለውን ዕቃ ከየት መፈለግ እንደሚገባም ያሳያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራውን ለሠራው እጅ ክብሩን ይመልሳል።

መጀመሪያ የስሞቹን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል፤ ባጅ ያለው ከበሮ እንኳ ሊያሳስት ይችላልና። ዊሊያም ሉድዊግ ከወንድሙ ከቲዮባልድ ጋር በ1909 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሉድዊግ ኤንድ ሉድዊግን መሠረተ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ለሙዚቃ መሣሪያ አምራቹ ለኮን ተሸጠና ሥራው ወደ ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ተዛወረ። የኢንዲያናፖሊሱ ከበሮ ሠሪ ሊዲም በዚያው ሰሞን በኮን እጅ ገባ። ዊሊያም ሉድዊግ ከኮን ተለይቶ በ1937 አዲስ ፋብሪካ ሲከፍት የገዛ ስሙ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ስለነበር ከበሮዎቹን «ደብሊው ኤፍ ኤል» በሚሉት ፊደላት ሰየማቸው። ስሙን መልሶ የገዛው በ1955 ነው። በዚያው ዓመት የሊዲን ስም ሌላው የቺካጎ ከበሮ ሠሪ ስሊንገርላንድ ወሰደው። እንግዲህ በ1940ዎቹ ሉድዊግ የሚል ባጅ የለጠፈ ከበሮ ከዊሊያም ሉድዊግ ፋብሪካ የወጣ አልነበረም። በዚህ ላይ ፋብሪካዎች ያለ ባጅ ወይም በሌላ ስም ለጅምላ ነጋዴዎች የሸጧቸው ከበሮዎች አሉ። ከመጀመሪያውም ስም ያልነበረው ቀፎ አለ ማለት ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከቁሱ ነው። ቀፎው ብረት ከሆነ ማግኔት ይቅረብለት። ማግኔቱ ከያዘ ስቲል ነው። ካልያዘ ናስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ክብደት ነው፣ ናስ በእጅ ላይ ይከብዳል። ከ1960ዎቹ የሉድዊግ ከበሮዎች እጅግ የታወቀው ሱፕራፎኒክ መጀመሪያ ላይ በክሮም የተለበጠ ናስ ነበር፤ ከ1963 አካባቢ ጀምሮ ግን በአሉሚኒየም ተሠራ። አሉሚኒየም ላይ ክሮም በደንብ ስለማይጣበቅ ብዙዎቹ ዛሬ ነቁጥ ነቁጥ እየሆኑ ተልጠዋል። ለዓይን ጉድለት የሚመስለው ይህ ልጣጭ ለመርማሪ ጠቃሚ ምልክት ነው። በቀፎው ወገብ ላይ ዙሪያውን ጎብጦ የወጣው መስመርም ይታያል፤ ነገር ግን ይህን መስመር ብዙ ሠሪዎች ስለተጠቀሙበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቀፎው እንጨት ከሆነ ጠርዙን ወይም የአየር መውጫ ቀዳዳውን አፍ በብርሃን ማየት ይገባል። እዚያ ላይ የተጣበቁት ንጣፎች ይቆጠራሉ። ስሊንገርላንድ በ1930ዎቹ ያወጣውና የድራም ተጫዋቹ የጂን ክሩፓ ስም አብሮት የሚነሳው ሬድዮ ኪንግ በእንፋሎት ከታጠፈ አንድ ወፍራም የሜፕል ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ከውስጥ ከላይና ከታች ማጠናከሪያ ቀለበት አለው። ይህን መሰል ቀፎ ላይ የሳንቃው ሁለት ጫፎች በሰያፍ የተገናኙበት መስመር ይታያል። ይሁንና ሊዲና የቀድሞው ሉድዊግም ከአንድ ሳንቃ ሠርተዋል፤ ስለዚህ ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም። በ1960ዎቹ ሉድዊግ ሦስት ንጣፎችን፣ ማለትም ማሆጋኒ፣ ፖፕላርና ሜፕልን አጣብቆ ማጠናከሪያ ቀለበት ጨመረበት። የብሩክሊኑ ግሬች ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማጠናከሪያውን ትቶ ቀጥ ያለ ግድግዳ መረጠ። ንጣፉ ብዙ ሆኖ ቀለበት ከሌለው ሐሳብ ወደ ግሬች ያዘነብላል።

ቀጥሎ የውስጡ ቀለም ይመጣል። ግሬች ውስጡን ብርማ ቀለም ይቀባ ነበር። ሉድዊግ በ1950ዎቹ ነጭ ይቀባ ነበር፤ በ1960ዎቹ ግራጫ ነቁጥ ያለበትን ቀለም ተጠቀመ፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ደግሞ እንጨቱ እንዲታይ አደረገ። የኦሃዮው ሮጀርስም ግራጫ ነቁጥ ስለተጠቀመ ግራጫ ማለት ሁልጊዜ ሉድዊግ ማለት አይደለም። በሉድዊግ ቀፎዎች ውስጥ በቀይ ቀለም የታተመ ቀን ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ቀኑ ከተገኘ ደግሞ የፋብሪካውን ዘመን ለማወቅ ትልቅ እገዛ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመጣው ተከታታይ ቁጥር ግን የታተመው በባጁ ላይ ስለሆነ ባጁ ሲጠፋ አብሮ ጠፍቷል።

ከሁሉም የሚታመነው ምስክር ቀዳዳው ነው። ቆዳውን የሚወጥሩት ብሎኖች የሚገቡበት ላግ የሚባል ዕቃ በቀፎው ላይ በአንድ ወይም በሁለት ብሎን ይታሰራል። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ርቀቱን በካሊፐር ለክቶ ሠሪው ከሚታወቅ ከበሮ ጋር ማስተያየት ብዙ ግምቶችን በአንዴ ያስወግዳል። የላጎቹ ብዛት፣ ስድስት፣ ስምንት ወይም አሥር መሆኑ፣ ለተማሪ ወይስ ለባለሙያ እንደተሠራ ይጠቁማል። ሽቦውን የሚያጠብቀውና የሚለቀው ማንሻ የተሰቀለባቸው ቀዳዳዎች፣ ከውስጥ ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ የታሰረበት ቀዳዳ፣ የአየር መውጫውም ቦታ ሁሉም ይለካሉ። ባጁ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው የባጁን ቅርጽ በደማቁ ይዞ ሊቀር ይችላል። ቀፎው ከውጭ የለበሰው ነጭ ዕንቁ መሰል (ፐርል) ሽፋንም በዕድሜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ በላጎቹ ሥር ግን የመጀመሪያ ቀለሙ ይቆያል። ይህ የላጉን ቅርጽ ጭምር ይናገራል። ምንም ያልታሰረባቸው ትርፍ ቀዳዳዎች ካሉ ደግሞ ከበሮው በሌላ ዕቃ ታድሶ እንደነበር ያሳያሉ።

የጃፓን ከበሮዎችን መርሳት አይገባም። በ1960ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካኖቹን ላግና ቅርጽ እየቀዱ በብዙ ስሞች ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። አብዛኞቹ ቀፎዎች ሉዋን ከተባለው የእስያ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ከአሜሪካኖቹ በጥቂቱ ስለሚሰፉም ዛሬ የሚሸጥ ቆዳ አንዳንዴ አይገጥማቸውም። ላጉ የአሜሪካ መስሎ ቆዳው እምቢ ሲል ዓይንን ወደ ጃፓን ማዞር ይገባል። እነዚህ ከበሮዎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ብዙ ወጣት ተጫዋቾች የመጀመሪያ ምታቸውን የተማሩት በእነሱ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ምልክት ተሰብስቦ ሲመዘን ነው ስም የሚሰጠው። ቁሱ ወደ አንድ ፋብሪካ፣ ቀዳዳው ወደ ሌላ የሚመራ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ተለውጧል፤ የበለጠ የሚታመነው በኋላ ለመለወጥ የሚከብደው ነው። ብሎን ይፈታል፣ ቀለም ይቀባል፤ የእንጨቱን ንጣፍና የፋብሪካውን ቀዳዳ ግን ማንም በቀላሉ አይቀይርም። ሦስትና አራት ምልክት ሲስማማ «የእገሌ ፋብሪካ ነው» ማለት ይቻላል። አንድ ብቻ ከሆነ «ሊሆን ይችላል» ብሎ መሸጥ ታማኝነት ነው። በግምት የሰየሙትን ከበሮ በርግጠኝነት ዋጋ መሸጥ ግን ገዢን መበደል ነው።

ስለዚህ የድሮ ቀፎ ያገኘ ሰው ብርጭቆ ወረቀትና መሰርሰሪያ ከማንሳቱ በፊት ይለካ፣ ፎቶ ያንሳ፣ ይመዝግብ። የውስጡን ቀለም መፋቅ፣ ትርፍ ቀዳዳ መድፈን፣ ያረጀውን ሽፋን መግፈፍ ከበሮውን ሊያሳምረው ይችላል፤ ግን የሠሪውን ማንነት የሚያሳዩት ነገሮች እነዚሁ ናቸው። አንዴ ከተፋቁ የትኛውም ባለሙያ መልሶ አያነባቸውም።