ምስክር ፊት የሚዘፈን ጀግንነት

በአዳማ ዙሪያ፣ በመተሐራና በአሰላ መንገድ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሠርግ ሲደራ አንድ ሰው ከተቀመጡት መካከል ብድግ ይላል። ከበሮው ዝም ይላል። ሰውየው ዱላውን ይዞ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ድምፁን ያረዝማል፤ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ጎሳውን፣ ከብት የጠበቀበትን ወንዝና ጋራ ይጠራል። ወደ ራሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አድማጮቹ በየመሃሉ ይቀበሉታል፣ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። ጌረርሳ ይባላል፤ የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ ነው።

ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ሰው ዜማው እንግዳ አይሆንበትም። ጌረርሳ ግን በጥንቱ ልማድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ማንም ተነስቶ አይዘፍነውም። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የጣለ፣ አለዚያም በጦር ሜዳ ጠላቱን ያሸነፈ ወንድ ነበር መብቱ ያለው። ገዳይ ከአደን ሲመለስ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ ወገኖቹ ደግሰው ይቀበሉታል፣ ያን ጊዜ ይዘፍናል። ያልገደለው ተቀምጦ ያዳምጣል።

ከሩቅ ለሚያየው ይህ ሁሉ ራስን ማወደስ ይመስላል። ቅርብ ሆኖ ላየው ግን የነገሩ ክብደት ያለው በዘፋኙ ላይ ሳይሆን በአድማጩ ላይ ነው። አብረውት ለአደን የወጡት እኩዮቹ እዚያው ተቀምጠዋል። ማን ቀድሞ እንደወጋ፣ ማን ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ ያውቃሉ። ዘፋኙ በእያንዳንዱ ስንኝ ስሙን ያስይዛል፤ ያልሠራውን ቢጨምር የሚያፍረው በማያውቁት ሰዎች ፊት ሳይሆን ዕድሜ ልኩን አብረውት በሚኖሩት ፊት ነው። የዛሬ ጀግንነቱም የነገ ዕዳው ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲያ ብሎ የዘፈነ ሰው በሚቀጥለው የጭንቅ ቀን መሸሽ አይችልም።

ከሺህ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ምድር የኖሩት አንግሎ ሳክሶኖች በሰው ፊት የተነገረ ቃል ዕዳ ነው የሚለውን ይህን ሕግ ያውቁት ነበር። ከእነሱ የተረፈው ትልቁ የጀግንነት ግጥም «ቤዎውልፍ» 3182 ስንኞች አሉት። ዛሬ በደቡብ ስዊድን ካለው ምድር የመጣ ቤዎውልፍ የሚባል ጎበዝ የዴንማርክን ንጉሥ ሮትጋርን ሊረዳ ባሕር ይሻገራል፤ ግሬንደል የሚባል ጭራቅ ሌሊት ሌሊት እየመጣ የንጉሡን አዳራሽ ሰው ጨርሶበታልና። እንግዳው በግብር ላይ እንደተቀመጠ ከንጉሡ ባለሟሎች አንዱ፣ ኡንፈርዝ፣ በሰው ፊት ይሞግተዋል፦ አንተ በዋና ውድድር የተሸነፍከው ሰው አይደለህምን? ቤዎውልፍም በዚያ ጉዞ ባሕር ውስጥ ዘጠኝ አውሬ እንደገደለ ተርኮ ይመልስለታል፤ ግሬንደልንም ያለ ሰይፍ በባዶ እጁ ሊገጥመው ቃል ይገባል። የተናገረውን ያደርገዋል። አዳራሹ ውስጥ የተነገረ ቃል ሌሊቱን ይፈተናል፤ ግጥሙ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ለጌረርሳ አድማጭ ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቃሉን ያጠፈ ሰው ምን እንደሚጠብቀውም ግጥሙ አይደብቅም። ቤዎውልፍ 50 ዓመት ከነገሠ በኋላ በስተርጅና ዘንዶ ሲገጥም ተከታዮቹ ጫካ ይገባሉ፤ አብሮት የሚቆመው ዊግላፍ ብቻ ነው። ዊግላፍ በግብር ላይ ሳሉ የገቡትን ቃል ያስታውሳቸዋል፤ ሽማግሌው ንጉሥ ከሞተ በኋላም የሸሹትን ፊት ለፊት ይወቅሳቸዋል።

ሌላው ግጥም የተገጠመው በእውነት በተደረገ ጦርነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ991 በኤሴክስ ምድር፣ ማልደን በሚባል ቦታ፣ ባላባቱ ብሪትኖዝ ከቫይኪንጎች ጋር ተዋግቶ ወደቀ። ጎድሪክ የሚባል ሎሌው በጌታው ፈረስ ላይ ወጥቶ ሸሸ። ፈረሱን ከሩቅ ያየው ጦር ጌታው የሸሸ መሰለውና ተፈታ። በአገራችን ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መቻል ሲባሉ የኖሩት በፈረሳቸው ስም ነው፤ ፈረሱ የሰውየው ስም በሆነበት አገር የጎድሪክ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ አርሲ ውስጥ ጉግስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ አያንስም። የአንግሎ ሳክሶን ጀግና ጌታ ያለው ሰው ነው፤ ጌታው ያበላዋል፣ ወርቅና መሣሪያ ይሸልመዋል፣ እሱም በምላሹ ይሞትለታል። ውዳሴውንም ብዙ ጊዜ የሚገጥምለት ሌላ ሰው ነው፦ ግሬንደል በተገደለ ማግስት ከንጉሡ ሰዎች አንዱ በፈረስ ላይ እንዳለ የቤዎውልፍን ጀብዱ በአዲስ ግጥም ያቀናብራል። የጌረርሳው ሰው ግን የሠራውም የሚዘፍነውም ራሱ ነው፤ የሚለካውም በእኩዮቹ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ወንዶችን በእርከን አሰልፎ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያሸጋግራል፤ መተሐራ አካባቢ በሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞዎች ዘንድ ዛሬም ይሠራበታል። በዚያ ሥርዓት ያደገ ሰው የሚያፍረው ሸላሚ ጌታ እንዳያጣ ብሎ አይደለም፤ አብረውት ደረጃ በደረጃ ያደጉት ሰዎች እንዳይንቁት ነው። ጌረርሳ ዘውድና አዳራሽ ሳያስፈልገው የኖረው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

በግጥም አሠራርም ይለያያሉ። የአማርኛ ገጣሚ ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ነው። የጥንቱ እንግሊዛዊ ስንኙን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን ግማሾች በቃላት መነሻ ድምፅ ያያይዛል፤ ሶማሌዎችም ግጥማቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መነሻ ድምፅ ያስሩታል። ጌረርሳ በብዛት የሚተማመነው በትይዩ ስንኞች ነው፤ አንዱ የተናገረውን ቀጣዩ በተመሳሳይ አካሄድና በተቀራረበ ድምፅ ያጸናዋል። ለማስታወስ ይቀላል፣ አድማጭም ቀጣዩን ስንኝ እየገመተ ይከተላል።

ጀግንነትን ማወደስ ደም የማፍሰስን ምኞት ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ይህን መሸፈን ተገቢ አይደለም። አዋሽ ዳር በግጦሽና በውኃ የተጣሉ ጎረቤታሞች ሲጋደሉ ገዳይን ያወደሰ ዘፈን ሌላ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር። «ቤዎውልፍ» ይህን ያውቃል። በዚያው የድል ግብር ላይ የሚዘፈነው የሂልደቡር ታሪክ ነው፤ በዘመዶቿና በባሏ ወገን መካከል በተነሳ ጠብ ወንድሟንና ልጇን አጥታ በአንድ እሳት ስታቃጥላቸው። ደስታው መሃል ይህን ሐዘን ማስገባቱ ገጣሚውን ከተራ አወዳሽ በላይ ያደርገዋል።

የስምጥ ሸለቆው ኑሮ ሲለወጥ ዘፈኑም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወንጂ ላይ፣ በ1960ዎቹ መተሐራ ላይ የስኳር እርሻ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። ከረዩ ከብቱን የሚያሰማራበት ምድር ጠበበ፣ ታላላቆቹን አውሬዎች ማደንም ክልክል ሆነ። አንበሳ ገድሎ መዝፈን ሲቀር ጌረርሳ አልሞተም። መሬት ማጣት፣ ድህነት፣ እስር፣ ስደት፣ ፍትሕ መናፈቅ ወደ ዘፈኑ ገቡ። ጀግንነቱ መጣል ሳይሆን መጽናት ሆነ። ሁሉም ሰው መዝፈን የቻለውም ያኔ ነው፤ ችግርን ለመቋቋም አውሬ መግደል አያስፈልግምና። ዛሬ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ጌረርሳን ሲያወርዱት አብዛኞቹ ጦር ይዘው አያውቁም።

የቀረው ጥያቄ የማቆየት ነው። «ቤዎውልፍ» የተረፈው እ.ኤ.አ. 1000 አካባቢ በተጻፈ አንድ የብራና መጽሐፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 መጽሐፉ የነበረበት ቤት ተቃጥሎ የብራናው ጠርዝ ተለበለበ፤ የማልደኑ ግጥም ብራና በዚያው እሳት ጠፋ፣ ይዘቱ የተገኘው ቀድሞ የተገለበጠ ስለነበረ ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው ቀድሞውኑ ጎድሎ ስለነበር ዛሬ በእጅ ያለው 325 ስንኝ ነው።

የኦሮሞ ቃል ግጥምም ከመጥፋት ያዳኑት ሰዎች ነበሩት። ከባርነት ነፃ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ በኢምኩሉ የተማረችው አስቴር ገኖ ከልጅነት ትዝታዋ 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ ጻፈች፤ ከፊሉ እሷና የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ወጣ፣ በግዕዝ ፊደል። እ.ኤ.አ. በ1922 ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቼሩሊ በአብዛኛው ከሎራንስዮስ ወልደ ኢየሱስ አፍ የሰበሰባቸውን ዘፈኖች የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አሳተማቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ተመራማሪው አዲሱ ቶለሳ ጌረርሳን ብቻውን የሚያጠና መጽሐፍ አወጣ።

ዛሬ መቅጃ የሌለው ሰው የለም፤ የዜማው ድምፅ በየስልኩ አለ። የሚጎድለው ዙሪያው ነው። ከመተሐራ፣ ከመቂና ከባቱ ሽማግሌዎች አፍ ጌረርሳ የሚቀርጹ የአዳማ ተማሪዎችና የባህል ቢሮ ባለሙያዎች ከስንኙ ጋር ዘፋኙ የየትኛው ገዳ አባል እንደሆነ፣ በምን ድግስ ላይ እንደዘፈነ፣ አጠገቡ እነማን ተቀምጠው እንደነበርና የትኛው ስንኝ ላይ እንደተቀበሉት ቢመዘግቡ፣ ዘፈኑን የዳኙት ሰዎችም አብረው ይተርፋሉ።