በደም ውስጥ የሚገኙ የኢንሱሊን ዓይነቶችና የምርመራ ውጤታቸው ትርጉም

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭና በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኢንሱሊን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቆሽት ያመረተው፣ ገና ያልተቆረጠውና በመርፌ የተሰጠው ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ይህን ልዩነት ማወቅ ሐኪም የሚያዝዘው ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ያግዛል።

ፕሮኢንሱሊን

የቆሽት ቤታ ሕዋሳት በመጀመሪያ የሚሠሩት ፕሮኢንሱሊን የተባለውን ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕሮኢንሱሊን እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ተቆርጦ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ ይገኙበታል። በጤናማ ሰው ሳይቆረጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ሲሆን፣ ስኳርን የመቀነስ ኃይሉም ከኢንሱሊን እጅግ ያነሰ ነው። በዓይነት 2 የስኳር ሕመም ግን ቤታ ሕዋሳት ጫና ስለሚበዛባቸው ድርሻው ከፍ ይላል።

ኢንሱሊን

ኢንሱሊን በሁለት ሰንሰለቶች የተያያዙ 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። በቤታ ሕዋሳት ውስጥ ስድስት ስድስት እየሆነ ከዚንክ ጋር ተጣምሮ ይከማቻል፤ ወደ ደም ሲገባ ተነጣጥሎ ሥራውን ይጀምራል። ከቆሽት የሚወጣው ደም በቅድሚያ በጉበት ስለሚያልፍ፣ ከሚመነጨው ኢንሱሊን ግማሽ ያህሉ እዚያው ይወገዳል። የቀረውም በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ሲ-ፔፕታይድ

ቆሽት ሲ-ፔፕታይድን የሚለቀው ከኢንሱሊን ጋር በእኩል ቁጥር ነው። ጉበት እምብዛም ስለማያስወግደው በደም ውስጥ ከኢንሱሊን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመርት ለማወቅ አስተማማኝ ምልክት ነው።

በመርፌ የሚሰጥ ኢንሱሊን

በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። በመሆኑም መርፌ ለሚወስድ ሰው የኢንሱሊን መጠን መለካት ብቻውን የራሱን ምርት አያሳይም። አንዳንድ የምርመራ ዘዴዎች በመርፌ የተሰጠውን ከራስ ኢንሱሊን ጋር ደምረው ይለካሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ተሻሽለው የተሠሩትን የኢንሱሊን ዓይነቶች ጭራሽ አያነቡም።

ውጤቱ ምን ያመለክታል?

- የደም ስኳር ከፍተኛ ሆኖ ሲ-ፔፕታይድ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ማቆሙን ወይም ወደ ማቆም መቃረቡን ያመለክታል። ይህ በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ጎልቶ ይታያል።
- ሁለቱም ከፍተኛ ከሆኑ፣ ኢንሱሊን እየተመረተ ሰውነት በሚገባ እንደማይጠቀምበት ያሳያል።
- የደም ስኳር ዝቅ ብሎ ኢንሱሊን ከፍተኛ፣ ሲ-ፔፕታይድ ግን ዝቅተኛ ከሆነ፣ ኢንሱሊኑ ከውጭ የገባ መሆኑን ይጠቁማል። ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ ሁለቱም ከፍተኛ ከሆኑ ምንጩ ራሱ ቆሽት ነው፤ መንስኤውም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ እንክብል ወይም የቆሽት እጢ ሊሆን ይችላል።

ሲ-ፔፕታይድ የሚወገደው በአመዛኙ በኩላሊት ስለሆነ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ውጤቱ ከእውነተኛው ምርት በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ለምርመራ ሲቀርቡ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ መርፌ የወሰዱበትን ሰዓትና ያለብዎትን ሌላ ሕመም ለባለሙያው ይንገሩ።

ማሳሰቢያ

የራሱ ኢንሱሊን ለተቋረጠበት ሰው መርፌው ሕይወቱን የሚያቆይ ነው። የደም ስኳር ልኬት ጥሩ ስለሆነ ወይም የምግብ ፍላጎት ስለጠፋ ብቻ ኢንሱሊንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ከመጠን ያለፈ ጥማት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ከታየ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ።