የርቀት ተማሪ ሲጠፋ ማን ያስተውላል?

እ.ኤ.አ. በ2011 ሰባስቲያን ትረንና ፒተር ኖርቪግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ በኢንተርኔት በነፃ ከፈቱት። 160 ሺህ ገደማ ሰው ተመዘገበ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ግን ከ20 ሺህ ብዙም አይርቅም። በኋላ የሃርቫርድና የኤምአይቲን ነፃ ኮርሶች የመረመረ፣ በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከተመዘገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትምህርቱን ከፍተው እንኳ እንዳላዩት አሳይቷል። ነፃ በሆነ ነገር ገበያ ዞሮ እንደሚያይ ሰው ገብቶ የሚወጣ ይበዛልና ይህ ብዙ አያስገርምም። የሚያሳስበው ከልቡ ጀምሮ መሀል መንገድ ላይ የሚቀረው ነው።

ትምህርትን ከሩቅ መስጠት ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነገር ነው። በ1840 በብሪታንያ በአንድ ፔኒ ወደ የትኛውም የአገሪቱ ክፍል ደብዳቤ መላክ ሲቻል አይዛክ ፒትማን የአጭር ጽሕፈት ትምህርት በፖስታ መስጠት ጀመረ። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰዱትን ክፍል በአጭር ጽሕፈት ጽፈው ይልኩለታል፤ እሱም አርሞ ይመልስላቸዋል። የዘዴው ጉልበት ያለው እርማቱ ላይ ነው። ተማሪው የጻፈውን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳነበበለት ያውቃል።

በ1969 የተቋቋመው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በሰፊው ሠራበት። በ1971 ትምህርት ሲጀምር ለመግቢያ ውጤት አልጠየቀም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በቢቢሲ ይተላለፉ የነበሩ ትምህርቶቹን ነው፤ በእኔ እምነት ግን ተማሪውን ያቆየው ቱተሩ ነው። አንድ ቱተር ሃያ ገደማ ተማሪ ይይዛል። አሳይመንት ሲያርም ማርክ ሰጥቶ አያበቃም፤ የት እንደተሳሳተና ቀጥሎ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ለተማሪው በጽሑፍ ያስረዳዋል። ከእርማቶቹ ጥቂቶቹ ደግሞ ለሌላ መምህር ቀርበው ቱተሩ ራሱ ምክር ያገኝባቸዋል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጊሊ ሳልመን የኦንላይን ትምህርትን በአምስት ደረጃ ከፍለውታል። ተማሪው በመጀመሪያ መግባት መቻል አለበት፤ ቀጥሎ ይተዋወቃል፤ መረጃ መለዋወጥ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ብዙ ኮርስ ግን በመጀመሪያው ቀን ሃያ ገጽ ፒዲኤፍ ይልክና ውይይት ይጠብቃል።

እኛ አገር ሞጁል ይዞ ቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል የሚሄድ የርቀት ተማሪ ብዙ ነው፤ አሁን ግንኙነቱ በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም እየዞረ ነው። እዚያ መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ ይጽፋል፣ ሁሉም «አዎ» ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብዳል። የሚሻለው መልሱ «አዎ» ሊሆን የማይችል ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ለምሳሌ የሒሳብ አያያዝ ተማሪን ከሰፈሩ ሱቅ የአንድ ቀን ገቢና ወጪ መዝግቦ እንዲያመጣ ማዘዝ። ያፈረው በግል እንዲጽፍ ይፈቀድለት፤ ቱተሩም ስሙን ሳይጠራ ጥያቄውን ለሁሉም ያንሣው። የኔትወርክና የመብራት ነገር ስላለ ከረጅም የቀጥታ ቪዲዮ ይልቅ አጫጭር የድምፅ ቅጂ ይበጃል፤ በቂ ዳታ ያለውም ሌሊት አውርዶ የሚያዳምጠውም እኩል ይደርሱበታል። ዝም ያለ ሁሉ ደግሞ የጠፋ አይደለም፤ ሳይጽፍ እያነበበ የሚማር አለ። ትክክለኛው የማስጠንቀቂያ ምልክት የመጀመሪያው አሳይመንት መቅረቱ ነው። ያኔ ስልክ አንሥቶ «ምን ገጠመህ?» ማለት ለመላው ግሩፕ ከሚላክ ማሳሰቢያ የበለጠ ይሠራል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶበትም ይሆናል።

ቱተሩም ይሰለቻል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ካሜራቸውን ላጠፉ ሰዎች አንድ ሰዓት ማውራት አድካሚ ነው። ሌሊት ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ወዲያው መመለስ ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በላይ አያዘልቅም። «በሁለት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ» ብሎ ማሳወቅና ቃልን መጠበቅ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ተመሳሳይ ኮርስ የሚሰጡ ቱተሮች የራሳቸው ግሩፕ ቢኖራቸው አንዱ ያዘጋጀውን ማብራሪያ ሌላው ከባዶ አይጀምረውም። ከሁሉም በላይ ግን የሥራ ውሉ አለ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ2022 ከ4 ሺህ በላይ ቱተሮቹን ከጊዜያዊ ወደ ቋሚ ቅጥር አዛውሯል። በየኮርሱ ተቀጥሮ በየኮርሱ የሚሰናበት ቱተር በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት መኖሩን ሳያውቅ የጠፋ ተማሪ በስልክ እንዲፈልግ መጠበቅ ይከብዳል፤ በተለይ ለዚያ ሰዓት የሚከፍለው ከሌለ።